ኪቦርዱን ከአሜሪካ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ማታ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ፤ አልፎ አልፎ የሠርግ ሥራም አገኛለሁ። እስካሁን የምሠራው በተውሶ ዕቃ ነው። አሁን ትንሽ ብር ቋጥሬያለሁ። ያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ 600 ልገዛ አስቤ አዲስ አበባ ሱቅ ብጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ አስደነገጠኝ። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያለው። ‹እዚህ በግማሽ ዋጋ ነው፣ ለፋሲካ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ› ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹የውጭ ዕቃ ሲበላሽ ማን ያይልሻል?› ይሉኛል። ማይክና፣ ድምፄን ኮምፒውተር ላይ ለመቅዳት፣ ሳውንድ ካርድም ያስፈልገኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ እህቴ። ኪቦርዱን እዚሁ ግዢ። ማይኩንና ሳውንድ ካርዱን የአክስትሽ ልጅ ይዞልሽ ይምጣ። ግን «ጋሼ እንዲህ አለኝ» ብለሽ ብቻ አትግቢበት። ምክንያቱን ካላወቅሽ ሱቅ ስትገቢ ሻጩ በሁለት ደቂቃ ሐሳብሽን ያስቀይርሻል።

እኔ ዕቃ አልሸጥም። ሥራዬ የተበላሸ መጠገን ነው። ኪቦርድ፣ ሚክሰርና ስፒከር መፍታት ከጀመርኩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ወደኔ የሚመጣው ገዝቶ የተደሰተ ሰው ሳይሆን ገዝቶ ያረረ ሰው ነው። ምክሬ ትንሽ ወደ ፍርሃት ቢያደላ በዚህ ተረጂኝ።

መጀመሪያ «በግማሽ ዋጋ» የምትለዋን እንያት። የአክስትሽ ልጅ ያየው ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲከፍል 6 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ይጨመርበታል። እዚያ አገር ታክሱን ከዋጋው ጋር ደምረው አይለጥፉም፤ ሒሳብ ስትከፍዪ ነው የሚመጣው። የኛ ሱቅ የነገረሽ ዋጋ ግን ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ ቫቱ፣ የሱቅ ኪራዩና የነጋዴው ትርፍ ሁሉ ያለበት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ ውድ ነው» ማለት የሉካንዳ ሥጋን ከምግብ ቤት ክትፎ ጋር ማወዳደር ነው።

ዕቃው በካርጎ ቢመጣ ምን እንደሚጨመርበት በቁጥር ላሳይሽ። ጉምሩክ ሒሳቡን የሚጀምረው ከዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮ ነው። ይሄ ድምር 1 ሺህ ዶላር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። ለስሌት ያህል 10 ከመቶ እንያዝ፤ 100 ዶላር። አሁን 1 ሺህ 100 ሆነ። በዚህ ላይ 15 ከመቶ ቫት ሲመጣ 165 ዶላር ይጨመራል። 1 ሺህ 265 ሆነ። በዚህ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባል 10 ከመቶ ተጨማሪ ግብር፤ 126 ዶላር ከ50። ከመነሻው ዋጋ ላይ የሚሰላ 3 ከመቶ ማኅበራዊ ዌልፌር ሌቪም አለ፤ 30 ዶላር። ሲደመር 1 ሺህ 421 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ታክሱ ታክስ ላይ እየተቀመጠ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው «10 ከመቶ ብቻ ነው አሉኝ» ብሎ ይመጣና ቦሌ ካርጎ በር ላይ ላብ ያጠምቀዋል።

«እሱ እኮ በሻንጣ ነው የሚያመጣው» ትይኝ ይሆናል። ይሁን። ግን ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ኪቦርድ የተሸከመ መንገደኛ ከካልሲና ከቸኮሌት ጋር እኩል አይታይም። ለግል መገልገያ ተብሎ የሚያልፈው በመመሪያ የሚወሰን ነው፤ መመሪያው ደግሞ ይቀያየራል። የአክስትሽ ልጅ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቆ ይምጣ። የገዛበትን ደረሰኝም በእጁ ይያዝ። ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምቱለት እነሱ ናቸው፤ ግምቱ ላንቺ የሚያደላ እንዳይመስልሽ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሰው አፍሮ የማያነሳው። ገንዘቡን እንዴት ነው የምትመልሽለት? ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። እሱ የሚገዛው ዛሬ፣ አንቺ የምትከፍዪው ለፋሲካ። በየትኛው ቀን ሒሳብ? ይሄን በግልጽ ካልተነጋገራችሁ ኪቦርዱ ሳይበላሽ ዝምድናው ይበላሻል። ሱቅ ውስጥ «ይሄ ዋጋ እስከ ዛሬ ማታ ነው» የሚልሽ ሻጭም ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም። እሱም የሚቀጥለውን ዕቃ በስንት እንደሚያመጣ አያውቅም።

አሁን ሜትር አውጪ። የኤስኤክስ 600 ርዝመት 100.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ 41፣ ከፍታው 13.4። ደምሪው፤ 154.8 ይመጣል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት የሦስቱ ጎኖች ድምር 158 ሳንቲ ሜትር ነው። ዕቃው ራቁቱን ከሆነ ለጥቂት ያልፋል ማለት ነው። ከነፎሙና ከነካርቶኑ ግን አያልፍም። ክብደቱ 8 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ ችግር የለም፤ ችግሩ ልኩ ነው። ከልክ በላይ ለሆነ ሻንጣ ደግሞ ተጨማሪ ያስከፍላሉ።

ሰዉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ካርቶኑን ይጥላል። ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ይጠቀልላል፣ በጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ይከታል፣ «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። ወረቀቱን የሻንጣ ጫኙ አያነበውም። አንድ ልጅ እንዲህ ተጠቅልሎ የመጣለትን ኪቦርድ ይዞልኝ መጣ። ከላይ ሲታይ ሦስት ነጭ ቁልፎች ከሥራቸው ተሰብረዋል። «እሱ ቀላል ነው» አልኩት። ቁልፍ ይቀየራል። ግን ኪቦርዱ ይበራና ሩብ ሰዓት ሲሞቅ ድምፁ ድርግም ይላል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ፈታሁት። ምንም አይታይም። ሦስተኛው ቀን ላይ ዋናውን ቦርድ አውጥቼ በባትሪ መብራት ከጎን ሳየው ከብሎን ቀዳዳው የሚነሳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ዕቃው አንዱ ጥግ ላይ ወድቆ ቦርዱ ተጣሟል። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። የተቆረጡትን መስመሮች በቀጭን ሽቦ ቀጥዬ ሠራሁት። ልጁ ግን ለአዲስ ዕቃ ከፍሎ ጥገና የጠገበ ዕቃ ነው የያዘው።

ስለ መብራት የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ስፒከር አመጣልኝ። ፓወርድ የሚባለው፣ አምፕሊፋየሩ ከውስጡ ያለ። እንዴት ያለ ስፒከር መሰለሽ! ሰፈሩን ጠርቼ፣ ቡና አስፈልቼ፣ ሰካሁት። «ጧ!» አለና ዝም። ሽታው ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። ከጀርባው አንዲት ጣት የማታክል ቀይ ማብሪያ ነበረች፤ 115 እና 230 የሚል ተጽፎባት። እሷን በጠፍጣፋ መፍቻ ወደ 230 ብገፋት ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ባለሙያ ነኝ ባይ ነበርኩ እንግዲህ።

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የጀርመኑም የዱባዩም ከኛው ጋር የሚሄድ ነው፤ ከዱባይ የመጣ ዕቃ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሆኑ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ከአሜሪካ ለሚመጣ ማንኛውም ዕቃ አዳፕተሩ ላይ ወይም ከጀርባው ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አንብቢ። «100–240 ቮልት» የሚል ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃሻል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከግድግዳ ጋር እንዳታገናኚው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፤ ኸርዙን ግን አይቀይርም። አብዛኛው ዕቃ ኸርዝ ግድ የለውም። ግድ የሚለውም አለ። የድሮዎቹ ሃሞንድ ኦርጋኖች ድምፅ የሚወልዱት በመብራቱ ኸርዝ ልክ በሚዞር ሞተር ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራውን እዚህ ብትሰኪው ይዘፍናል፤ ግን ከቁልፉ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚዘፍነው። «ዶ»ን ስትነኪ «ላ» ይልሻል። ላንቺ አይመለከትሽም፤ ነገሩ ስለሚያስቀኝ ነው ያነሳሁት።

የኪቦርዱ ዋና ጉዳይ ግን ዋጋውም ቮልቱም አይደለም። ስታይሉ ነው፤ ስትጫወቺ ከበሮውንና ቤዙን ይዞ የሚያጅብሽ ምት ማለቴ ነው።

አንቺ የምትሠሪው ሆቴልና ሠርግ ነው። እዚያ ሰው ወንበር ገፍቶ የሚነሳው በጉራግኛ ነው። በችክችካ ነው። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወሎ፣ በጎንደር ነው። ኤስኤክስ 600 ከፋብሪካ ሲወጣ ከ400 በላይ ስታይል አለው። ቦሳኖቫ አለ፣ ዋልትዝ አለ፣ ፖልካ ሳይቀር አለ። ጉራግኛ ፈልገሽ አታገኚም። አሜሪካ የተገዛው ኪቦርድ አዳማ ሲደርስ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነው። ሥራ የምታገኚበት ዕቃ የሚሆነው የኛ ልጆች የሠሩትን ስታይል ስትጭኚበት ነው።

እዚህ አገር ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በፍላሽ ይሸጣል፣ በቴሌግራም ይሸጣል። ግን የአንዱ ስታይል ለሌላው አይሆንም። ኮርግ ለሚባለው ሌላ ኪቦርድ የተሠራ ፋይል ያማሃ ላይ አይነሳም። ለድሮ ያማሃ የተሠራ ስታይል አዲሱ ላይ ብዙውን ጊዜ ይነሳል፤ ግን ከበሮው ያልነበረ ድምፅ ያወጣል፣ ቤዙ ይጠፋል ወይም ይጮኻል፤ ቁጭ ብሎ ማስተካከል ይጠይቃል። የክራር፣ የማሲንቆና የዋሽንት ድምፅ ስትፈልጊ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ያማሃ ላይ ተጨማሪ ድምፅ የሚጫነው በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ከራስሽ ኪቦርድ በፍላሽ የመለያ ፋይል ታወጫለሽ። የመጫኛው ፋይል የሚዘጋጀው ለዚያ መለያ ነው። የጓደኛሽን ፋይል ገልብጠሽ ብታመጪ ኪቦርድሽ እምቢ ይልሻል። በዚህ ምክንያት «ኪቦርዴ ተበላሸ» ብለው የመጡ ሰዎች አሉ። ተበላሽቶ አይደለም፤ የሌላ ሰው ፋይል ነው።

እንግዲህ እዚሁ ስትገዢ ከምትደራደሪበት አንዱ ይሄ ነው። ብዙ ሱቆች ስታይል የሚጭን ልጅ አላቸው ወይም ያውቃሉ። «ዋጋ ቀንስልኝ» ብለሽ ስትጨርሺ፣ ካልቀነሰልሽ፣ «እሺ ስታይሉን ጫንልኝ፤ ስታንድና ቦርሳ ጨምርልኝ» በይ። ነጋዴ ከብር ይልቅ ዕቃ መጨመር ይቀለዋል። ሲጭኑልሽ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እያንዳንዱን ስታይል አስነሺ። የሚዘፈንበት ዕቃ ነው፤ አትፈሪ፣ ሱቁ ውስጥ ዝፈኚበት።

አንድ ጊዜ ቆም ብለሽ ግን አንድ ነገር አስቢ። አዳማ ውስጥ አብረውሽ የሚሠሩት ልጆች የያዙት ምንድን ነው? አብዛኞቹ ኮርግ ከሆኑ ያማሃ መግዛትሽ ስታይል መለዋወጡን ያስቀርብሻል። ሁለቱም ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ጎረቤት የሌለው ዕቃ ግን ብቸኛ ነው። የተውሶው ያማሃ ከሆነና እጅሽ ከለመደው አትቀይሪ።

ወደ ዋስትና ልሂድ። ጓደኞችሽ ትክክል ናቸው። አሜሪካ የተገዛ ዕቃ ዋስትናው እዚያው አሜሪካ ነው የሚሠራው፤ ከዕቃው ጋር አብሮ አውሮፕላን አይሳፈርም። ከጀርመን ላስመጣ ብትዪም፣ እዚያ ያለው ቶማን የሚባል የሙዚቃ ዕቃ ሻጭ ስሙ ትልቅ ነው፤ ትሬፐንዶርፍ በምትባል መንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሱቅ ነው። የ30 ቀን መመለሻና የ3 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለሚልከው ዕቃ የጀርመኑን 19 ከመቶ ቫት ያነሳልሻል። ጥሩ ነው። ግን ከአዳማ ጀርመን ድረስ ኪቦርድ መልሶ መላክ ማን ይችላል? መላኪያው፣ የጉምሩክ ወረቀቱ፣ የትራንሲተሩ ክፍያ። ዋስትናው አለ፣ መንገዱ ግን የለም።

የኛ ሱቆች ዋስትናስ? እውነቱን ልንገርሽ፣ «የአንድ ዓመት ዋስትና» የሚል ማኅተም ያየሁትን ያህል ተከብሮ አላየሁም። ስለዚህ «ዋስትና አለው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «አለው» ይሉሻል። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «በሁለተኛው ሳምንት ቢጠፋብኝ ትቀይሩልኛላችሁ ወይስ ትጠግናላችሁ? ማነው የሚጠግነው? ስልኩን ስጡኝ።» የጠጋኙን ስልክ ሳያቅማማ የሚሰጥሽ ሱቅ ጥሩ ሱቅ ነው። «ይሄ ዕቃ አይበላሽም» የሚልሽ ከሆነ ምሳሽን በልተሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ። የተስማማችሁበትን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፊ፤ ከነሲሪያል ቁጥሩ፣ ከነማኅተሙ። ደረሰኙ የቫት ደረሰኝ ይሁን። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ» ካሉሽ የቀነሱልሽ ዋስትናውን ነው።

ስትሄጂ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን ጠዋት ሂጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ይጨናነቃል፣ ሻጩ ይቸኩላል። ፒያሳ የምታውቂው ሱቅ ካለ ደውለሽ ሂጂ፤ የሠፈሩ ሰፊ ክፍል በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ብዙዎቹ ቦታ ቀይረዋል። ሄድፎንሽንና ባዶ ፍላሽ ያዢ። ካርቶኑ ዓይንሽ እያየ ይከፈት። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ኪቦርዱ ሥር ካለው ጋር አስተያዪ። ካልተመሳሰለ አትከራከሪ፣ ውጪ።

ከዚያ አዳፕተሩን ተመልከቺ። የዚህ ኪቦርድ አዳፕተር ፒኤ-300ሲ ይባላል፤ 16 ቮልት ነው። ኦርጂናሉን አውጥተው ለብቻው ሸጠው በምትኩ ርካሽ 12 ቮልት የሚከቱ አጋጥመውኛል። ኪቦርዱ በሱም ሊበራ ይችላል። ሱቅ ውስጥ በትንሽ ድምፅ ስትሞክሪው ደህና ነው። ሠርግ ላይ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ከበሮው ሲገባ ግን ጠፍቶ ይነሳል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ እንዲህ የሆነበት ልጅ አውቃለሁ።

አሁን ፒያኖ ድምፅ ላይ አድርጊው። ከግራ ጀምረሽ 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ በቀስታ ንኪ። ስትመለሺ ጠንከር አድርጊ። አንዱ ቁልፍ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ቢጮኽ ወይም ቢደክም፣ ከሥሩ ያለው የላስቲክ ኮንታክት አቧራ ይዟል ወይም አልቋል ማለት ነው። አዲስ ዕቃ ላይ ይሄ መኖር የለበትም። ካለ፣ ዕቃው ማሳያ ላይ ተቀምጦ መንገደኛው ሁሉ ሲነካካው የከረመ ነው። እሱን በአዲስ ዋጋ አትግዢ፤ ከወደድሽው እንደ ያገለገለ ተደራደሪበት። የጃክ ቀዳዳዎቹንም ገመድ ሰክተሽ ሞክሪ፣ ገመዱን ትንሽ ወዝወዝ አድርጊው፤ መንጫጫት የለበትም።

ይሄን ሁሉ ከሜሪላንድ በቪዲዮ ማድረግ አይቻልም። ኪቦርዱን እዚሁ ግዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። በዋጋ ትንሽ ትጎጃለሽ፤ እጅሽ እየነካው፣ ጆሮሽ እየሰማው፣ ሲበላሽ የምትጮኺበት ሰው ኖሮሽ ትገዢዋለሽ።

ማይኩና ሳውንድ ካርዱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

ማይክ ስንል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሹር ኤስኤም 58ን ነው። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ ማይክ ነው። ከሁሉም በላይ ኮፒ የሚደረገውም እሱ ነው። ኮፒው ካርቶኑ ሳይቀር ቁርጥ እሱን ነው፤ ቦርሳውም አለው፣ መመሪያ ወረቀቱም አለው። አንዱን ደንበኛዬን «ና እስቲ» ብዬ ማይኩን ይዤ ከሱቄ አጠገብ ካለች በርበሬ ሻጭ ዘንድ ወሰድኩት። ኦርጂናሉ 298 ግራም ነው የሚመዝነው። የሱ 250 እንኳን አልሞላም። «ኧረ ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው ብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ምን ልበለው? ውስጡ ሊኖር የሚገባው ትንሽ ትራንስፎርመር የለም። ድምፁም የሚያሳብቀው እሱ ላይ ነው፤ ሲጮኽ ይቀጥናል፣ ቶሎ ያፏጫል።

ይሄን ዓይነት ዕቃ ከአሜሪካ ማምጣት ያዋጣል። ካልሲ ውስጥ ይገባል። መብራት አይፈልግም። ቢወድቅ አይሞትም። የአክስትሽ ልጅ ከታወቀ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ይግዛው፤ «ግማሽ ዋጋ ነው» ከሚል ያልታወቀ የኢንተርኔት ሻጭ ከገዛው ግን ያው ኮፒ ዞሮ አዳማ ይደርሳል። እዚያም ኮፒ ሞልቷል።

ሳውንድ ካርዱም እንደዚሁ። ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ የሚወስደውን ይግዛልሽ። የቮልት ጣጣ የለበትም። አዲስና ያልተከፈተ ይሁን። አብዛኞቹ አብረው የሚሰጡት የመቅጃ ፕሮግራም አላቸው፤ እሱ የሚሰጠው ሲሪያል ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስቀድሞ ለመዘገበ ሰው ነው። ያገለገለ ከገዛ ፕሮግራሙን የመጀመሪያው ባለቤት ወስዶታል።

ገመድ አልባ ማይክ ግን እንዳያመጣልሽ! ይሄን አስምሪበት። አሜሪካ ውስጥ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ600 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያሉ አብዛኞቹ ገመድ አልባ ማይኮች ተከልክለዋል፤ ሞገዱ ለስልክ ተሸጧል። እዚያ ሥራ የፈቱት ዕቃዎች በርካሽ ይሸጣሉ፤ ርካሽ ያየ ዘመድ ገዝቶ ይልካል። ሌላው ደግሞ ከ902 እስከ 928 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ነው። እዚያ ፈቃድ የማይጠይቅ ሞገድ ነው። እኛ ጋ ግን የጂኤስኤም ስልኮች ወደ አንቴና የሚያወሩት እስከ 915 ድረስ ነው፤ ሁለቱ ይጋጫሉ። አዳራሹ ባዶ እያለ ስትሞክሪው እንደ ወርቅ ይሠራል። ሦስት መቶ ሰው ከነስልኩ ሲገባ ይንኳኳል፣ ይቆራረጣል። ባለ ገመዱን ይዘሽ ዝፈኚ። ገመድ አልባ ካስፈለገሽ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ሞክረሽ ግዢ።

ካሁኑ ለአክስትሽ ልጅ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ለኪቦርዱ ሐሳብህ አመሰግናለሁ፣ እሱን እዚሁ እገዛለሁ። አንድ ኤስኤም 58፣ ባለ ገመዱን፣ ማብሪያ ማጥፊያ የሌለውን። አንድ በዩኤስቢ የሚሠራ ሳውንድ ካርድ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ሁለቱንም ከታወቀ ሱቅ፣ ከነደረሰኙ። ብሩን በስንት እንደምንተሳሰብ ዛሬ ንገረኝ።» ቦታ ከተረፈው አንድ የያማሃ ሰስቴን ፔዳልም፣ በእግር ሲረገጥ ድምፅ የሚያረዝመውን፣ ይጨምርልሽ። እዚህ የምታገኚው ብዙው የሌላ ኪቦርድ ፔዳል ነው፤ ተገልብጦ የሚሠራ ሊያጋጥምሽ ይችላል። ስትረግጪው ድምፁ ይቆማል፣ ስትለቂው ይረዝማል።